ስፖርት የልብን ቧንቧ አይጠርግም፤ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ እኛ ደብረ ብርሃን የሚደርሰን አንዳንዴ በማግስቱ፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ዘግይቼ ብጽፍ አትፍረዱብኝ። በጤና ገጻችሁ ላይ ስለ እግር ጉዞ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደህና ጽሑፍ ነው። ግን መሃሉ ላይ ስፖርት በልብ ደም ስር ውስጥ የተጋገረውን ስብ «ጠራርጎ ያወጣል» የምትል ነገር አለች። እሷ ልክ አይደለችም። 34 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ዝም ካለ፣ እንግዲህ ለምን ነበር ያስተማረው?

ሌላም ምክንያት አለኝ። የጠበበው ደም ስር የኔ ነው። በእግሬም እሄዳለሁ። የተጠረገ ነገር የለም፤ እኔ ግን ተሽሎኛል። እና ካልተጠረገ ምን ሆኖ ነው የተሻለኝ? ደብዳቤዬ ስለሱ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከበሬሳ ወንዝ ወደ ላይ ስወጣ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኝ ጀመር። ቆም ስል ይለቀኛል፣ መንገድ ስጀምር ይመለሳል። እኛ አገር ለደረት ሕመም ሁለት ስም ብቻ ነው ያለን፤ ብርድ ወይም ጨጓራ። ቤት ውስጥ ብርድ ነው ተባለ። ፌጦ በሎሚ ተበጠበጠልኝ፣ ዝንጅብል ተፈላልኝ፣ በመንዝ ባና ተጠቅልዬ ተኛሁ። ቀጥሎ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ጨጓራ ነው ተብዬ ለአምስት ወር ክኒን ዋጥኩ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። እዚያ የሚሠሩት ያስተማርኳቸው ልጆች ናቸው፤ ጥፋቱ ከኔም ሳይጀምር አልቀረም።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለችው ልጄ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው በሚሽከረከር ማሽን ላይ አስኬዱኝ፣ ሌላም ምርመራ ታከለበት፣ ከልብህ ደም ስሮች አንዱ ጠቧል ተባልኩ። ለስቴንት፣ የጠበበውን ደም ስር ከፍቶ ለሚይዘው የሽቦ ቱቦ፣ የሚያደርስ አይደለም አሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈልኝና «ጋሼ፣ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ።

«የሚያመኝ እኮ ስሄድ ነው!» አልኩት።

«ለዚያ ነው የሚሄዱት» አለኝ ሳቅ እያለ።

ያኔ የቀለደብኝ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ሳነብ ነገሩ የቆየ ሆኖ አገኘሁት። ይህን የደረት ሕመም እ.ኤ.አ. በ1772 አብራርቶ የጻፈው ዊልያም ሄበርደን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ከሚያውቃቸው ሕመምተኞች አንዱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥን ሥራዬ ብሎ ይዞ ሊድን ምንም እንዳልቀረው ጽፏል። እንጨት! አያቴ ይህን ቢሰማ ኖሮ ባሕር ዛፉን ሁሉ ለኔ በተወልኝ።

አሁን ወደ ልብ ልግባ።

ልብ ቀኑን ሙሉ ደም ሲያዘዋውር ይውላል፤ በውስጡ ከሚያልፈው ደም ግን እሱ ራሱ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው አያምኑኝም ነበር። የድግስ አሳላፊን አስቡ። ወጡን ይዞ ከሰው ሰው ሲዞር ይውላል፣ እጁ ላይ ያለው ምግብ ግን የሱ አይደለም። የሱ ድርሻ በጓሮ በር ነው የሚመጣለት። ዋናው ደም ቅዳ ከልብ እንደወጣ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ፣ ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ይገነጠላሉ፤ ተመልሰውም ልቡን ከውጭ ተጠምጥመው እሱን ራሱን ያጠጡታል። ኮሮናሪ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ቁጭ ባልንበት ልብ ከሚረጨው ደም 5 በመቶ ገደማ በነሱ በኩል ለራሱ ይመለስለታል።

ደግሞ አሳላፊ እያሳለፈ አይጎርስም። የልብ ጡንቻ ሲኮማተር በውስጡ ያሉትን ደም ስሮች አብሮ ይጨምቃቸዋል፤ በተለይ ጉልበተኛው ግራ ክፍል። ደም ደህና አድርጎ የሚገባለት ሲላላ፣ በሁለት ምት መሃል ባለችው ዕረፍት ነው። ልብ ሲፈጥን ደግሞ ከሁሉ በፊት የምታጥረው ያቺው ዕረፍት ነች። ሥራ በበዛበት ሰዓት መጉረሻ ጊዜ ያጣል ማለት ነው።

የስፖርት አንዱ ውለታ እዚህ ጋ ነው። በየጊዜው ሳያቋርጥ የሚሄድ፣ የሚሮጥ፣ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም መርጨት ይለምዳል፤ ስለዚህ ለዚያው ሥራ ጥቂት ምት ይበቃዋል፣ በየምቱ መሃል ያለችው ዕረፍትም ትረዝማለች። የኔ ልብ ቁጭ ብዬ በደቂቃ 82 ይመታ ነበር። አሁን 66 ነው። መድኃኒቱም ልብ የሚያዘገይ ስለሆነ ምስጋናውን በሙሉ ለእግሬ አልሰጥም። ግን ሒሳቡን ሥሩት፤ በደቂቃ 16 ምት ማለት በቀን 23,040 ምት ነው። ያን ያህል ጊዜ ያልተሠራ ሥራ።

ቀጥሎ ያለው ነገር እኔን ራሴን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነው። የእግራችን ጡንቻ ቁጭ ስንል ከሚደርሰው ደም ውስጥ ኦክስጅኑን ሩብ ያህል ብቻ ይወስዳል። ሥራ ሲመጣበት ከዚያው ደም ብዙ መጭመቅ ይችላል፤ ተርፎታላ። ልብ ግን ተኝተንም እንኳ ከ70 እስከ 80 በመቶውን ይወስዳል። ሰሃኑን ልሶት ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ዳገት ሲመጣ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ብዙ ደም ማስመጣት። ጤነኛ ልብ ከባድ ሥራ ላይ በዕረፍት ጊዜ ከሚያገኘው አራትና አምስት እጥፍ ያስመጣል። ቧንቧው የጠበበበት ሰው ቁጭ ሲል ምንም አይለውም፣ ሻይ እየጠጣ ይጫወታል፤ ዳገቱ ላይ ግን ደሙ አልበቃ ይላል። ያ ጉድለት ነው ደረት ላይ የሚጨመድደው። ብርድም ጨጓራም አይደለም።

ዋናው ለውጥ ግን ያለው የቧንቧው ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ «ይጠርጋል» ያላችሁት ቦታ ማለት ነው። ደም ስር የብረት ቧንቧ አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ይሰፋል ይጠባል። ውስጡን የሸፈነው ስስ ሽፋን ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ነው። ደም በፍጥነት ሲያልፍበት ያ ሽፋን ፍትጊያው ይሰማዋል፤ ሲሰማውም ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ጡንቻ ዘና ያደርገውና ቧንቧው ይከፈታል። ይህን ላገኙት ሦስት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የልብ ሕመምተኛ ምላሱ ስር የሚያደርጋት ናይትሮግሊሰሪንም የምትሠራው በዚሁ ጋዝ ነው። አልፍሬድ ኖቤል ራሱ ድማሚት የሠራው ከናይትሮግሊሰሪን ነበር፤ ሲያረጅ ልቡን ሲያመው ሐኪሞቹ ያዘዙለትም እሷኑ ነው። ሰውዬው ራሱ በነገሩ ተገርሞ ነበር ይባላል። እኔም ክኒኗን ኪሴ ይዤ ስሄድ ትዝ ይለኛል።

ሥራ ፈትቶ የሚውል፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ ግፊትና ስኳር ያለበት ሰው ይህ ሽፋን ይሰንፍበታል። ክፈት ሲሉት አይከፍትም፤ ጭራሽ መክፈት ሲገባው የሚያጠብበት ጊዜ አለ። ስፖርት ሽፋኑን ወደ ሥራው ይመልሰዋል። በየቀኑ ደሙ ፈጠን ብሎ ባለፈበት ቁጥር ጋዙን የሚያመርተው ነገር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመን አገር ላይፕሲግ ከተማ የልብ ደም ስራቸው የታመመ 19 ሰዎች ተወስደው፣ ገሚሶቹ ለ4 ሳምንት በቀን ብዙ ጊዜ ባለበት የሚቆም ብስክሌት ሲነዱ፣ የቀሩት እንዲሁ ተቀመጡ። የነዱት ሰዎች ደም ስር በግልጽ የተሻለ መከፈት ጀመረ። በ4 ሳምንት! ስቡ ግን እዚያው ነው። በአንድ ወር የትም አይሄድም።

ታዲያ ትንሽ ቢከፈት ምን ይጠቅማል የሚል ይኖራል። የፊዚክስ መምህሩ ጓደኛዬ ነው ያስታወሰኝ። በቧንቧ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚያድገው የቧንቧው ስፋት፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ማለቴ ነው፣ አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። ቧንቧው በ10 በመቶ ብቻ ቢሰፋ፣ ግፊቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሚያልፈው በ46 በመቶ ይጨምራል። ደም ስር ቀጥ ያለ ቧንቧ ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይሠራም፤ ግን አያያዙ ይኸው ነው። ለዚህ ነው ስቡ ሳይነካ ሰውዬው ዳገት የሚወጣው።

ስለ አቋራጭ መንገድም ልበል። የጣርማ በር መንገድ ቢዘጋ ሰው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ በእግር፣ በፈረስ፣ በገደሉ ሥር ያልፋል። ልብም አንዱ ቧንቧ ሲጠብበት ከጎረቤቱ ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን ስሮች ያበጃል፣ የነበሩትንም ያሰፋል። ስፖርት በዚህ ያግዛል ይባላል፣ እንደ ጸጉር የቀጠኑትንም ደም ስሮች ያበዛል የሚሉ የእንስሳት ጥናቶች አሉ። እኔ ግን «አዲስ ቧንቧ አበቅላለሁ» ብዬ አልሄድም። ከግድግዳው መከፈትና ከልቡ ዝግ ብሎ መምታት ጋር ሲተያይ ይህኛው ምርቃት ነው።

የሰፋ ቧንቧ ምን እንደሚመስል ማየት ለፈለገ የክላረንስ ዲማር ታሪክ አለ። የቦስተን ማራቶንን 7 ጊዜ ያሸነፈ አሜሪካዊ ነው። በወጣትነቱ ሐኪሞች ልብህ ጥሩ ድምፅ የለውም፣ ሩጫ ተው ብለውት ነበር። አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1958 በ70 ዓመቱ በካንሰር ሲሞት ልቡ ተመረመረ። ኮሮናሪዎቹ ከተለመደው ሰው ሁለትና ሦስት እጥፍ ሰፊ ሆነው ተገኙ። ልብ በሉ፣ እሱም ግድግዳው ላይ የተወሰነ ደለል ነበረበት። ዕድሜውን ሙሉ ሮጦ አልተጠረገለትም። ብቻ ቧንቧው ከመስፋቱ የተነሳ ደለሉ ምንም አላደረገው። አንድ ሰው ነው፣ ሲወለድም እንዲያ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ግን ለኔ ክርክር ከሱ የተሻለ ምስክር የለም።

ሯጭ ላልሆነው ደግሞ የለንደን አውቶቡሶች አሉ። ጄረሚ ሞሪስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባለ ፎቅ አውቶቡስ የሚነዱ ሹፌሮችንና እዚያው ላይ ትኬት የሚቆርጡትን አነጻጸረ። አንድ መኪና፣ አንድ መሥሪያ ቤት። ሹፌሩ ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ በየቀኑ በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ይወጣል። በልብ ደም ስር ሕመም የሚመታው በብዛት ሹፌሩ ሆነ። የኛም የሚኒባስ ረዳቶች እየተሳደቡም ቢሆን የሚበልጡን ነገር አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሰፈሬ ልመለስ። እኔ ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት የደረስኩት በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄጄ ነው። ስፖርት የሚል ስም አልነበረውም፤ መንገድ ነበር። አሁን ግን ከገበያ ቤቴ ድረስ ያለችውን መንገድ፣ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ በባጃጅ ነው ስሄድ የኖርኩት። ጎረቤቶቼም እንዲሁ ናቸው። ባጃጅ ጡረታችንንም ደም ስራችንንም ትበላለች። በአንጻሩ ከአንኮበር መንገድ ማዶ እንጨት ተሸክመው የሚመጡት እናቶች እኛን ሲያዩ ምን ይሉ ይሆን እላለሁ። የነሱ ግን ሸክም እንጂ ስፖርት አይባልም፤ እሱን ማወደስ ነውር ነው።

በእግር መሄድ ስጀምር የመንደሩ ልጆች «አበበ ቢቂላ!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። አበበ እኮ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ሰው ነው፣ ጃቶ ነው የተወለደው። ጌጤ ዋሚም ከዚህ ቅርብ ናት፣ ከጫጫ። ስለዚህ ስድብ አልመሰለኝም። አንዷ አሮጊት ግን «ልጄ፣ ማን ነው ያባረረህ?» ብለው አስቁመውኛል። ሰው ያለ ጉዳይ ፈጥኖ የሚሄድበት አገር አይደለማ።

እኔ የምለካው በመብራት ምሰሶ ነው። ከቤቴ በር እስከ ዳገቱ አናት 19 ምሰሶ አለ። መጀመሪያ ሰሞን 6ኛው ላይ ይይዘኝ ነበር። እቆማለሁ፣ ይለቀኛል፣ እቀጥላለሁ። በሦስተኛው ወር 11ኛው ላይ ደረስኩ። ከዚያ ክረምት ገባ፤ ጭቃውንና ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። በመስከረም ስወጣ 8ኛው ላይ ያዘኝ! ስፖርት የሰጠውን ለመውሰድ ሳምንታት ይበቁታል። እንደ ቁጠባ ደብተር አይደለም፣ እንደ እንጀራ ነው፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። አሁን ደግ ቀን ከሆነ 19ኙንም ጨርሼ እወጣለሁ። ከቸኮልኩ ወይ ውርጭ ካለ ግን አሁንም ይነካካኛል።

ስለ ውርጭ ካነሳሁ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት። አየሩ ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ከሸዋ ሮቢት የመጣ እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ለዚህ ነው። ብርዱ ደግሞ ደም ስርን ያጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ «ጀግና ነኝ» ብሎ ባይወጣ ይሻለዋል። ፀሐይ ትውጣ። አፍና አፍንጫ በጋቢ ይሸፈን። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ቀስ ማለት ነው፤ ልብ ድንገት መታዘዝ አይወድም። ዱላ መያዝ አይከፋም፣ ለውሻ።

መጠኑን ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው የዓለም ጤና ድርጅትን ነው፤ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ። ቢያንስ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። መካከለኛ ማለት እየሄድክ ከጓደኛህ ጋር ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም። እኔ ድሮም መዝፈን ስለማልችል የምለካው በወሬ ነው።

ግን እባካችሁ፣ ይህችን እንዳትቀንሱብኝ፤ ስሄድ ደረቴን ይጨመድደኛል የሚል ሰው በኔ ደብዳቤ ተነስቶ አይሩጥ። መጀመሪያ ይታይ። ሕመሙ ወደ ግራ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ቁጭ ብሎም ካልለቀቀው፣ ላብ ካጠመቀው፣ ፌጦ መበጥበጥ ትቶ ሆስፒታል ነው። መድኃኒቱንም «እየሄድኩ ነው» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው አውቃለሁ፤ እግር የክኒን ምትክ አይደለም። ደግሞ በአገራችን ብዙ ወጣቶችን የሚያሠቃየው የልብ ሕመም ሌላ ነው፤ በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው። ለሱ የኔ ምሰሶ ቆጠራ መፍትሔ አይሆንም።

አንድ ቃል ለምን ይህን ያህል ያስጽፈዋል ትሉ ይሆናል። «ይጠርጋል» ያላችሁትን ያነበበ ሰው ሦስት ወር ይሄድና ተጠርጎልኛል ብሎ ያቆማል። ወይም ድጋሚ ሲመረመር ስቡ እዚያው እንዳለ ይነገረውና «ታዲያ ምን አስለፋኝ?» ብሎ ባጃጅ ይጠራል። ሁለቱንም ዓይነት ሰው እዚሁ ሰፈሬ አግኝቻቸዋለሁ፤ አንደኛው ጋዜጣችሁን ይዞ ነው የተከራከረኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም «ይጠርጋል» የሚለውን «እንዲከፈት ያደርጋል፣ ከቆመ ግን ይመለሳል» ብላችሁ አርሙልኝ። ማረሚያው ሲወጣ እኔ በሦስተኛው ቀን አነበዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ